ሳይቃጠል በቅጠል
የሰብልን የቅጠል በሽታ አስቀድሞ ስለሚለየው የኮምፒዩተር ጥበብ ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ንግድ ከሱቅ መደርደሪያና ከመጋዘን በር አይጀምርም። ቡናው በጆንያ ተሞልቶ፥ ስንዴው በኩንታል ተመዝኖ ለገበያ ከመቅረቡ ከብዙ ወራት በፊት የነጋዴው ትርፍና ኪሳራ በገበሬው ማሳ ላይ፥ በቅጠል ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከፀሐይ ብርሃን፥ ከአየርና ከውሃ የተክሉን ምግብ የሚያዘጋጀው ቅጠሉ ነውና ቅጠሉ ሲታመም ፍሬው ይመነምናል፤ ፍሬው ሲመነምን በውል የተሸጠው ዕቃ ይጎድላል፥ ዋጋ ይናጋል፥ ብድርም ሳይከፈል ይቀራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር ለዚሁ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

ለዚህ ነገር የቀድሞዋ ሴይሎን፥ የዛሬይቱ ስሪላንካ፥ ምስክር ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1869 ዓ. ም. በደሴቲቱ የቡና ተክል ላይ የቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ታወቀ። ይህን በሽታ የሚያመጣው ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ የተባለ ፈንገስ ሲሆን፥ በቅጠሉ ጀርባ ብርቱካናማ ዱቄት እያወጣ ቅጠሉን ያረግፋል። በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የደሴቲቱ የቡና ንግድ ወደቀ፤ የእርሻ ባለቤቶቹም ፊታቸውን ወደ ሻይ አዞሩ። ለቡና እርሻዎች ብዙ ገንዘብ አበድሮ የነበረው ኦሪየንታል ባንክ በ1884 በሩን ሲዘጋ፥ ለውድቀቱ ከተቈጠሩት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የቡና ኪሳራ ነበር።

ኢትዮጵያም ከዚህ ዓይነቱ መከራ አላመለጠችም። በ2010 ቢጫ ዋግ የስንዴውን አዝመራ በሰፊው መታው። በ2013ና በ2014 ደግሞ ዲገሉ በተባለው የስንዴ ዝርያ ላይ የግንድ ዋግ ተነሥቶ የአርሲንና የባሌን ገበሬዎች ጎዳ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገበሬው ብቻ ሳይሆን ወፍጮ ቤቱም፥ ጅምላ ነጋዴውም፥ የዱቄት ቸርቻሪውም የጉዳቱ ተካፋዮች ናቸው።

በሽታን አስቀድሞ ለማየት የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል። ነገር ግን ማሳው ብዙ፥ የግብርና ባለሙያው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሊቃውንት በእጅ ስልክ የተነሣን የቅጠል ፎቶግራፍ አይቶ በሽታውን የሚናገር ኮምፒዩተር ለማሠልጠን ተነሡ። ጥበቡ በውጭ አገር ቋንቋ ዲፕ ለርኒንግ፥ በአማርኛም ጥልቅ ትምህርት ይባላል።

አሠራሩን ለመረዳት የእህል በረንዳን ማሰብ ይበቃል። የእህል ነጋዴ ልጅ ማኛን ከሰርገኛ መለየት የሚማረው ከመጽሐፍ አይደለም። አባቱ ጤፉን በእፍኙ እያሳየ «ይህ ማኛ ነው፤ ይህ ሰርገኛ ነው» ይለዋል፤ ሲሳሳት ያርመዋል፤ ከብዙ ቀን በኋላም ዓይኑ ይለምዳል። የኮምፒዩተሩም ትምህርት እንዲሁ ነው። ፎቶግራፉ በጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ በቁመቱ 256፥ በወርዱም 256 ነጥብ ያለው ሥዕል በጠቅላላው 65,536 ነጥቦች አሉት። ቁጥሮቹ በተደራረቡ የስሌት ክፍሎች ውስጥ ያልፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጠርዝንና ቀለምን፥ ቀጣዮቹ ነጠብጣብንና የቅጠሉን ጅማት፥ የመጨረሻዎቹም የበሽታውን ጠቅላላ መልክ ይለያሉ። ጥልቅ መባሉም ስለ ክፍሎቹ መደራረብ ነው። መልሱ በተሳሳተ ቁጥር ስሌቱ በጥቂት በጥቂቱ ይታረማል። በ2012 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ የሠሩት ስሌት፥ ኢሜጅኔት በተባለው የሥዕል መለያ ውድድር ሌሎቹን በሰፊ ልዩነት ካሸነፈ በኋላ ጥበቡ በብዙ የሥራ መስክ ተስፋፋ።

ወደ እርሻ ሲገባም ብዙ አስደናቂ ነገር ታየ። በ2016 የአሜሪካና የስዊስ ተመራማሪዎች ፕላንትቪሌጅ በተባለው መዝገብ የተሰበሰቡ 54,306 የቅጠል ፎቶግራፎችን ለኮምፒዩተር አስተማሩ። ፎቶግራፎቹ 14 ዓይነት ሰብልና 26 በሽታ የያዙ ነበሩ። ለፈተና ተለይተው በተቀመጡት ሥዕሎች ላይ ኮምፒዩተሩ ከመቶ 99.35 ያህሉን በትክክል መለሰ። ሆኖም በሌላ ቦታና በሌላ ሁኔታ የተነሡ ፎቶግራፎች ሲቀርቡለት፥ ትክክለኛ መልሱ ወደ 31 በመቶ ገደማ ወረደ። ተመራማሪዎቹም ይህን ሳይሸሽጉ በዚያው ጽሑፋቸው ገለጡት።

ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ነጋዴው ልጅ እንመለስ። አባቱ ማኛውን ሁልጊዜ በነጭ ጆንያ፥ ሰርገኛውን ሁልጊዜ በባለመስመር ጆንያ እያደረገ አሳይቶት ቢሆን፥ ልጁ የተማረው ጤፉን ነው ወይስ ጆንያውን? የመዝገቡ ቅጠሎች ከተክሉ ተቀጥፈው፥ አንድ በአንድ በወጥ መደብ ላይ ተነጥፈው የተነሡ ነበሩ። በ2022 ሌሎች ተመራማሪዎች ቅጠሉን ትተው ከመደቡ ላይ ስምንት ነጥቦች ብቻ ወስደው ኮምፒዩተሩን በእነርሱ አስተማሩት። እንዲያው በግምት ቢመልስ ከመቶ 2.6 ብቻ ሊያገኝ ሲገባው 49 በመቶ አገኘ። እንግዲህ የታየው ዕውቀት በከፊል የጆንያ ዕውቀት ነበር ማለት ነው።

ስለዚህም ሥራው ወደ ማሳ ወጣ። በታንዛኒያ በካሳቫ ማሳ ውስጥ በተነሡ ፎቶግራፎች የተማረ ስሌት፥ በ2017 በወጣው ጥናት መሠረት ሦስት በሽታዎችንና ሁለት ዓይነት የተባይ ጉዳትን በመለየት 93 በመቶ ያህል ትክክለኛነት አሳየ። ከዚሁ ሥራ የተወለደውና በስዋሂሊ ብርሃን ማለት የሆነው ኑሩ የተባለው የስልክ መሣሪያ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይችላል። ነገር ግን በ2019 የወጣው ተከታይ ጥናት ሌላ ነገር አስረዳ፤ ይኸውም መሣሪያው በጉልህ ከሚታየው ምልክት ይልቅ ገና በጀመረው ምልክት ላይ ይደክም ነበር። ለንግድ የሚጠቅመው ግን ይህ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ ማሳው በሙሉ ከታመመ በኋላ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ለመርዶ እንጂ ለምክር አይሆንም።

«አስቀድሞ» የሚለው ቃል ራሱ በልክ መወሰድ ይገባዋል። የቡና ቅጠል ዝገት ወደ ቅጠሉ ከገባ በኋላ ዱቄቱ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ሳምንታት ያልፋሉ። ተራ ካሜራ በቅጠሉ ላይ ያልታየውን ሊያነሣ አይችልም። የቅጠሉን ፊት ብቻ ያነሣ ሰውም በጀርባው ያለውን ዱቄት ያልፈዋል። ስለዚህ ከመሣሪያው የሚጠበቀው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት የታመሙ ቅጠሎች ማግኘት ነው።

ነጋዴ የሆነ ሁሉ ደግሞ የሚከተለውን ሒሳብ ልብ ይበል። አንድ መሣሪያ የታመመውንም ጤነኛውንም ከመቶ 95 ጊዜ በትክክል ይለያል እንበል። በሽታው ገና በመጀመሩ ከ1,000 የቡና ዛፍ የታመመው 10 ብቻ ነው። መሣሪያው ከአሥሩ ዘጠኙን ወይም አሥሩን ያገኛል፤ ዳሩ ግን ከ990ው ጤነኛ ዛፍ 50 ያህሉን በስሕተት ታመመ ይላል። ስለዚህ ከ60 ማስጠንቀቂያ እውነተኛው 10 ያህል ነው። በእያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ መድኃኒት የሚረጭ ሰው አብዛኛውን ገንዘቡን በከንቱ ያፈስሳል። ነገር ግን 1,000 ዛፍ መመልከት የነበረበት ባለሙያ አሁን 60 ብቻ ቢመለከት ድካሙ እጅግ ቀለለ ማለት ነው። የመሣሪያው እውነተኛ ጥቅም ይህ ነው፤ ወዴት መሄድ እንደሚገባ ይጠቁማል፥ ፍርዱን ግን ለሰው ይተዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለማስመጣት፥ ለአቅራቢዎቹ ለማደል ወይም ዋጋውን ለመክፈል የሚያስብ ነጋዴ አራት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል።

አንደኛ፥ መሣሪያው የተማረባቸው ፎቶግራፎች ከየት ተነሡ? የሌላ አገር ቅጠል፥ የሌላ ዝርያ፥ የሌላ ብርሃን ሥዕል ለጅማ ወይም ለሲዳማ ቡና ዋስ አይሆንም።

ሁለተኛ፥ በጀማሪ ምልክት ላይ የተገኘው ውጤት ለብቻው ስንት ነው? ጠቅላላው ቁጥር ድካሙን ይሸፍነዋል።

ሦስተኛ፥ በራሱ አቅራቢዎች ማሳ ተፈትኖአል? የቡና ገዢ ጆንያውን ሳይከፍት በሻጩ ቃል ብቻ እንደማይገዛ ሁሉ፥ እዚህም ናሙና ያስፈልጋል። ጥቂት መቶ ዛፎች ይመረጡ፤ ባለሙያው ለብቻው፥ መሣሪያውም ለብቻው ይመልከታቸው፤ ከዚያ ሁለቱ መዝገቦች ይነጻጸሩ። በዚህ ፈተና የሚጠፋው የጥቂት ቀን ወጪ በስሕተት ከሚገዛው መድኃኒት ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

አራተኛ፥ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ማን ምን ይሠራል? የሚሄደው ባለሙያ፥ የመርጫው መሣሪያና መድኃኒቱ፥ ለገበሬውም የሚሆነው ዱቤ አስቀድመው ካልተዘጋጁ ፎቶግራፉ ፎቶግራፍ ሆኖ ይቀራል።

እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካገኙ ጥቅሙ ለሁሉም ይደርሳል። ላኪው በውል የሚያስረክበውን መጠን ቀደም ብሎ ይገምታል፤ አስመጪው የትኛው መድኃኒት በየትኛው ወር እንደሚፈለግ ያውቃል፤ ባለሱቁም በገጠር ከተማ ሱቁ የማያስፈልገውን ከማከማቸት ይድናል።

ሃሪ ማርሻል ዋርድ የተባለው እንግሊዛዊ የእጽዋት ሊቅ የቡናውን ዝገት ለማጥናት በ1880 ሴይሎን ሲደርስ፥ በሽታው ከታወቀ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ሊቁ የበሽታውን አካሄድ በሚገባ መርምሮ አስረዳ፤ የደሴቲቱን ቡና ለማዳን ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ዛሬ የዚያን ጊዜ ያልነበረ መሣሪያ በእያንዳንዱ ገበሬና ነጋዴ ኪስ ሊገባ ተቃርቧል። ነጋዴው በሚገባ ፈትኖ ከተጠቀመበት፥ በ1869 እንደ ቀላል ነገር የታየችው ነጠብጣብ ዛሬ በጊዜዋ መልስ ታገኛለች።