ድርና ማግ፦ የሸማኔዎች ማኅበር እንዴት ይቆማል?

(የትምህርት ዓምድ፤ ከሁርሊንግሃም፣ ናይሮቢ)



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ተረቱን የምንጠቅሰው ስለ አንድነት ስንነጋገር ነው። የዛሬው ትምህርታችን ግን ስለ ራሱ ስለ ድሩና ድሩን ስለሚሠራው ሰው ነው። በካምፕ ውስጥ ሽመና የሚያውቁ ወንዶች፣ ፈትል የሚፈትሉ እናቶች፣ ጥልፍ የሚጠልፉ እኅቶች አሉን። ብዙዎቹ ለብቻቸው ሠርተው ለብቻቸው ይሸጣሉ። ራሽን በተቀነሰ ጊዜ ደግሞ ገዢ በጠራው ዋጋ ይለቃሉ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች በማኅበር ቢደራጁ ምን ያገኛሉ? ማኅበሩስ እንዳይፈርስ ምን ያስፈልጋል?

1ኛ/ ሥራው የስንት ሰው ነው?

ሸማ የአንድ ሰው ሥራ ይመስላል። በመጀመሪያ ግን ጥጡ ይዳመጣል፤ ማለትም ፍሬው ይወጣለታል። ከዚያም በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይወጣዋል። ይህ ሁሉ በልማድ የሴቶች ሥራ ነው። በርዝመት የሚዘረጋው ክር ድር ይባላል፤ በቀሰም ተጠቅልሎ በመወርወሪያ ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚመላለሰው ደግሞ ማግ ነው። ሸማኔው እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ መርገጫውን እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ መወርወሪያውን ያሳልፋል፤ ማጉን ያጠብቃል። ነጠላ ሁለት፣ ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ ይሰፋል። እንግዲህ አንድ ጋቢ ትከሻ ላይ እስኪያርፍ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። ማኅበር ሲቋቋም ፈታይዋም፣ ቀሰም የሚያጠነጥነውም፣ ሰፊውም አባል መሆን የሚገባቸው ስለዚህ ነው።

2ኛ/ በሀገራችን የታየው

ሸማ የሁሉም ክብር ሆኖ ሳለ ሸማኔው ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

በአዲስ አበባ ስመ ጥር የሆኑት ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከጨንቻ አካባቢ ከዶርዜ የመጡ ናቸው። ዶርዜዎች ቤታቸውን እንኳ ከቀርከሃ ሸምነው ያቆማሉ። በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፍረው ሥራውን ከአባት ወደ ልጅ አስተላልፈዋል። ሽሮ ሜዳ ዛሬም የሀገር ልብስ የሚሸመትበት ትልቅ ገበያ ነው። ሸማኔዎቹን በከተማ ያቆያቸው የእጅ ሙያ ብቻ አልነበረም። አዲስ የመጣ ዘመድ የሚያድርበት ቤት፣ ሲሞቱ የሚቀብር እድር፣ መቋቋሚያ ገንዘብ የሚሰጥ እቁብ ነበራቸው።

በደርግ ዘመን የእጅ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት ታቅፈው ነበር። ሸማኔዎችም ክር በማኅበራቸው በኩል ያገኙ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከእነዚህ ማኅበራት ብዙዎቹ ፈረሱ። ለኛ የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው፦ ከበላይ የሚመጣ ነገር ለመቀበል ብቻ የቆመ ማኅበር፣ የሚመጣው ነገር ሲቆም አብሮ ይቆማል። እርዳታ ሰጪ ድርጅት የሽመና ዕቃና ክር ቢሰጠን መልካም ነው። ነገር ግን ሁለተኛውን ክር የምንገዛበትን ገንዘብ ከመጀመሪያው ሽያጭ ማስቀረት አለብን።

3ኛ/ ከሩቅ ሀገር ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ ሀገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች አንድ ማኅበር መሠረቱ። ከመካከላቸው ሸማኔዎች ነበሩ። የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው አልተሳካላቸውም፤ ፋብሪካውም የእጅ ሥራቸውን እየነጠቃቸው ነበር። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፓውንድ አዋጥተው በታኅሣሥ ወር ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማ ይሸጡ ጀመር። ደንባቸው ቀላል ነበር፦ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ፤ በዱቤ መሸጥ ክልክል፤ ሚዛን ማጉደል ክልክል፤ ትርፍ ለአባላቱ ከማኅበሩ በገዙት መጠን ይከፋፈላል። በዛሬው ዓለም ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አብዛኛውን ደንባቸውን የወረሱት ከነዚህ ሰዎች ነው።

4ኛ/ ሂሳቡ

የሚከተሉት ቁጥሮች ለልምምድ የቀረቡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

ሀ/ አንድ ሸማኔ ለአንድ ነጠላ ለክር 700፣ ለጥለት 200፣ በድምሩ 900 ሽልንግ አወጣ እንበል። በካምፑ ውስጥ በ1,500 ቢሸጠው 600 ይተርፈዋል። ሥራው 4 ቀን ከፈጀ የአንድ ቀን ድካሙ 150 ሽልንግ ነው። ብዙዎቻችን «600 አተረፍኩ» እንላለን እንጂ ለ4 ቀን አናካፍለውም።

ለ/ ይኸው ሸማኔ 2 ነጠላ ይዞ ናይሮቢ ቢልክና እዚያ በ2,000 ቢሸጥ፣ የመላኪያው ወጪም በጠቅላላ 3,000 ቢሆን፣ ለአንዱ ነጠላ 1,500 ይደርሳል። 2,000 ሲቀነስ 900፣ ሲቀነስ 1,500፤ በአንዱ ነጠላ 400 ሽልንግ ከሠረ።

ሐ/ 10 ሸማኔዎች ግን ክር በጅምላ ገዝተው የአንዱ ነጠላ ወጪ 800 ቢሆንላቸው፣ 20 ነጠላም በአንድ ጊዜ ቢልኩ፣ የመላኪያው ድርሻ 150 ብቻ ነው። 2,000 ሲቀነስ 800፣ ሲቀነስ 150፤ 1,050 ይቀራል። 50 ለማኅበሩ ሳጥን ቢገባ ለሸማኔው 1,000 ይተርፋል፤ ለ4 ቀን ሲካፈል በቀን 250 ነው።

ናይሮቢ ገዢ አለ። እዚህ ሁርሊንግሃም የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ፤ በበዓል ቀንም ሀበሻው ነጭ ለብሶ ይወጣል። ነገር ግን ፋብሪካ የሠራው የሀገር ልብስ አምሳያ በርካሽ ስለሚሸጥ በዋጋ ልንወዳደረው አንችልም። የምንወዳደረው በጥራትና ቃል በማክበር ነው። ለሰርግ ስድስት ሚዜዎች አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ቀሚስ በሦስት ሳምንት ቢታዘዝ አንድ ሸማኔ ብቻውን አያደርሰውም። ማኅበር ግን ያደርሰዋል፤ ይህም የሚሆነው የሁሉም ስፋትና ጥለት እኩል ሲሆን ነው።

5ኛ/ ደንቡ

ማኅበር የሚፈርሰው በድህነት ሳይሆን በመጠራጠር ነው። ስለዚህ ቢያንስ እነዚህን አስቀድሞ መጻፍ ያሻል፦

ሀ/ ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በምርጫ ይሁኑ፤ ዘመናቸውም ይወሰን።
ለ/ ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹም በሦስት ሰው እጅ ይሁኑ።
ሐ/ ገቢና ወጪ በየወሩ በሁሉም ፊት ይነበብ፤ ማንበብ ለማይችሉትም ይብራራ።
መ/ የመውጫ ፈቃድ አግኝቶ ዕቃ ይዞ የሚሄደው ሰው የወሰደውን ቆጥሮ ይፈርም፤ ሲመለስም ቆጥሮ ያስረክብ።
ሠ/ ፈታዮች እንደ ሸማኔዎቹ እኩል ድምፅ ይኑራቸው።
ረ/ ሕፃናት በትምህርት ሰዓት አይሠሩ። ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ እየተወሰዱ ከትምህርት ርቀው ቀን ከሌሊት የሸመኑ ልጆች ብዙ ናቸው። ሙያው ለልጅ ቅርስ እንጂ እዳ መሆን የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኬንያ የማኅበረሰብ ቡድኖች ምዝገባ ሕግ ለአንድ ቡድን ቢያንስ 10 አባላት ይጠይቃል። አሥር ሰው ከተገኘ በኋላ ስለ ምዝገባው የካምፑን የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል መጠየቅ ይቻላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በብሎካችሁ ሽመና፣ ፈትል፣ ስፌትና ጥልፍ የሚያውቁ ስንት ሰዎች አሉ? ስማቸውን መዝግቡ።
2. ከላይ በ4ኛ ሐ/ በቀረበው ሂሳብ 20ው ነጠላ ሲሸጥ በሳጥኑ ስንት ሽልንግ ይገባል? በዚህ ገንዘብ በመጀመሪያ ምን ትገዛላችሁ?
3. ካሁን ቀደም ያያችሁት አንድ እድር ወይም እቁብ ለምን ጸና? ወይስ ለምን ፈረሰ?
4. አንድ አባል ታሞ ድሩን ባይጨርስ ማኅበሩ ምን ማድረግ ይገባዋል?

አራተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። በስደት ሀገር ሰው ታሞ ሲተኛ በሩን የሚያንኳኳ ጎረቤት ያስፈልገዋል። ይህንን ጥያቄ በሚገባ የመለሰ ማኅበር ሌሎቹን ለመመለስ አይቸገርም።