ደም ያነሰው እግር ቁስልና የዘረመል ሕክምና

ቁስል የሚሽረው ሰውነት ለጥገና የሚያስፈልገውን ሁሉ ወደ ቆሰለው ቦታ ሲያደርስ ነው። ኦክስጅኑም፣ ምግቡም፣ ተሕዋስያንን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም የሚጓዙት በደም ነው። ደም በበቂ መጠን የማይደርሰው እግር ቢቆስል ታዲያ ምን ይሆናል? የዘረመል ሕክምናስ ለእንዲህ ያለው ቁስል ምን ሊረዳ ይችላል? የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው።

በመጀመሪያ ደም ያነሰው እግር ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንወስን። ከልብ የሚወጣውን ደም ወደ አካል ክፍሎች የሚያደርሰው ቧንቧ ደም ቅዳ ይባላል። በዕድሜ፣ በሲጋራ፣ በስኳር በሽታ፣ በደም ግፊትና በኮሌስትሮል ምክንያት በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ ስብና ካልሲየም እየተጠራቀመ ቧንቧውን ያጠበዋል፤ አንዳንዴም ይደፍነዋል። ሲጀምር ሰውየው ጥቂት መንገድ ሲሄድ ባቱን ያመዋል፤ ሲያርፍ ይተወዋል። ሲብስ ግን ተኝቶም እግሩን ያመዋል፤ ጣቱ ወይም ተረከዙ ላይ የማይድን ቁስል ይወጣል፤ ሥጋውም ሊሞት ይችላል። እግርን ለመቆረጥ የሚዳርገው ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንናገረውም ስለ እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ያልቆሰለ ቆዳ በጥቂት ደም መኖር ይችላል፤ የቆሰለ ቆዳ ግን ራሱን ለመጠገን ከዚያ እጅግ የበለጠ ደም ይፈልጋል። ለዓመታት ደህና ይመስል የነበረ እግር ጫማ በላጠው ትንሽ ቦታ ምክንያት የሚበላሸው ለዚህ ነው። ቁስሉ ተደብቆ የኖረውን የደም እጥረት ገለጠው እንጂ አላመጣውም። ሐኪሞች እጥረቱን የሚለኩት የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት ለክንድ የደም ግፊት በማካፈል ነው። ውጤቱ ከ0.90 በታች ከሆነ የእግሩ ደም ቅዳ ጠቧል ማለት ነው። በስኳር ሕሙማን ዘንድ ግን የቧንቧው ግድግዳ በካልሲየም ስለሚደድር ልኬቱ ደህና መስሎ ሊያሳስት ይችላል፤ ያን ጊዜ የእግር ጣት ግፊት ይለካል።

የታወቀው ሕክምና መንገዱን መክፈት ነው። ጠባቡ ቦታ በፊኛ ይሰፋል፤ ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ የደም ሥር ለደሙ ሌላ ማለፊያ ይሠራለታል። ሆኖም ቧንቧዎቹ እስከ ውስጥ እግሩ ድረስ የተደፈኑበት፣ ወይም አቅሙ ቀዶ ሕክምናን የማይችል ሕመምተኛ አለ። የዘረመል ሕክምና በዋናነት የታሰበው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል እንለፍ። ዘረመል በሕዋሳችን ውስጥ በዲኤንኤ የተጻፈ፣ አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገር መመሪያ ነው። የዘረመል ሕክምና ደግሞ በሽታን ለማከም ሲባል እንዲህ ያለ መመሪያ ወደ ሕዋስ ማስገባት ነው። መመሪያው የሚገባበትን ሁለት መንገድ ግን እንለይ። በአንደኛው ከሕዋሱ ክሮሞሶም ጋር ተዋሕዶ ለዘለቄታው ይኖራል። በሁለተኛው ከክሮሞሶሙ ውጭ ተቀምጦ፣ ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ ይጠፋል። ለእግር በብዛት የተሞከረው ሁለተኛው ነው። ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ ክብ ዲኤንኤ በመርፌ ወደ እግር ጡንቻ ይሰጣል፤ የተወሰኑ የጡንቻ ሕዋሳት ይቀበሉትና ለሳምንታት ያህል ፕሮቲኑን እየሠሩ ወደ አካባቢያቸው ይለቃሉ። ስለዚህ ታካሚው የተወለደበትን ዘር ለመለወጥ የታሰበ ሕክምና አይደለም። ፕሮቲኑ ራሱ ለምን አይሰጥም ቢባል፣ ፕሮቲን ከሰውነት ቶሎ ይወገዳል፤ ዘረመሉ ግን እዚያው ሆኖ ደጋግሞ ያሠራዋል።

የሚፈለገው ፕሮቲን አዲስ የደም ሥር እንዲያድግ የሚያዝ ነው። ከእነዚህ በይበልጥ የታወቀው ቪኢጂኤፍ በ1989 ተለይቶ ተገለጸ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጄፍሪ ኢዝነር የተባሉ የቦስተን የልብ ሐኪም የዚህን ፕሮቲን ዘረመል በፊኛ ላይ ቀብተው ደም ወዳነሰው የአንዲት የ71 ዓመት ሴት እግር አደረሱት፤ ውጤቱንም በ1996 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በታከመው እግር ላይ አዳዲስ የደም ሥሮች ታዩ። እግሩም አበጠ፤ ምክንያቱም ቪኢጂኤፍ የደም ሥርን ግድግዳ አላልቶ ፈሳሽ እንዲያፈስ ያደርጋል። ዘረመሉ መሥራቱ በዚህ ታወቀ። ጠቃሚ መሆኑ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያከራክረውም እርሱ ነው።

ይህን ለመረዳት ሁለት ዓይነት የደም ሥር እድገት መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ካፒላሪ የሚባሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች መብቀል ነው። ሁለተኛው በተደፈነው ቧንቧ ዙሪያ ያሉ ትናንሽ ደም ቅዳዎች ሰፍተው ማለፊያ መሆናቸው ነው። ዋናው ቦይ የተደፈነበት የመስኖ ገበሬ በማሳው ውስጥ ፈር ቢያበዛ ውኃ አይጨምርለትም፤ እግርም እንዲሁ ካፒላሪ ስለበዛበት ብቻ ደም አይጠግብም። የቧንቧ ስፋት በእጥፍ ቢጨምር፣ ግፊቱና ርዝመቱ እኩል ሆኖ፣ የሚያልፍበት ደም እስከ 16 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ጥቂት የሰፉ ማለፊያዎች ከብዙ ካፒላሪዎች ይበልጣሉ። በዘረመል መርፌ በቀላሉ የሚገኘው ግን የመጀመሪያው ዓይነት እድገት ነው።

እስካሁን ያየነውን እንያዝ፦ ዘረመሉ ፕሮቲን ያሠራል፤ ፕሮቲኑ የደም ሥር ያበቅላል። የደም ሥር መብቀል ግን ከደም ፍሰት መጨመር ይለያል፤ የፍሰት መጨመርም ከቁስል መዳን፣ የቁስል መዳንም ከእግር መትረፍ ይለያል። እያንዳንዱ ለብቻው መረጋገጥ አለበት።

ማረጋገጫው ንጽጽራዊ ጥናት ነው፤ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው አንዱ ቡድን መድኃኒቱን፣ ሌላው መድኃኒት የሌለበት መርፌ የሚወስድበት ማለት ነው። ኤፍጂኤፍ 1 የተባለ ፕሮቲን ዘረመል የተመረመረው በዚህ መንገድ ነው። በ2008 የታተመው ታሊስማን የተባለ አነስተኛ ጥናት በቁስል መዳን ረገድ በቡድኖቹ መካከል አስተማማኝ ልዩነት አላገኘም፤ የመቆረጥ አደጋው ግን በግማሽ ያህል ቀንሶ ታየ። ተስፋው በዚህ ተነቃቃ። ከዚያም ታማሪስ የተባለው ትልቅ ጥናት በ30 አገሮች 525 ሕሙማንን ይዞ ተካሄደ፤ ውጤቱም በ2011 ታተመ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት ወይም እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ የተቆረጠው፣ ዘረመሉን ከወሰዱት 36 በመቶ፣ ካልወሰዱት 33 በመቶ ሆኑ። የመጀመሪያው ተስፋ አልተደገመም።

ከዚህ ጥናት ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያስተምረኝ ሁለተኛው ቁጥር ነው። መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከወሰዱት ከመቶ 67ቱ ዓመቱን ከነእግራቸው አሳልፈዋል። ንጽጽሩ ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ለዘረመሉ ይቆጠርለት ነበር።

የጃፓንም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ኤችጂኤፍ የተባለውን ፕሮቲን ዘረመል የያዘው ኮላቴጂን የተባለ መድኃኒት በ2019 ለእንዲህ ያለው የእግር ቁስል ተፈቀደ። ፈቃዱ ግን በጊዜ የተገደበና ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ነበር። በኋላ የተሰበሰበው መረጃ የቀድሞውን ውጤት ስላላጸና ኩባንያው የሙሉ ፈቃድ ጥያቄውን በ2024 አነሣ። ሩሲያ በ2011 የፈቀደችው ኒዮቫስኩልጄን የተባለ የቪኢጂኤፍ ዘረመል መድኃኒትም አለ። በእኔ ፍርድ ሐሳቡ አልሞተም፤ እግርን ከመቆረጥ እንደሚያድን ግን በትልቅ ጥናት ገና አልተረጋገጠም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለአንተ ወይም ለዘመድህ እንዲህ ያለ ሕክምና ቢቀርብ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደተፈተነና የለካውም የቁስል መዳንን ይሁን የእግር መትረፍን ሐኪሙን ጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን፣ በተለይ የስኳር ሕመም ካለብህ ወይም ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ፣ እግርህ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ሲል ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሂድ፤ ቁስሉ ከመታሸጉ በፊትም በእግርህ ላይ የደም ትርታው እንዲዳሰስ ጠይቅ።