የሚሮጥ ፊደል እንዴት ይቀረጻል?

ባለፈው ክረምት መተማ ዮሐንስ ሳለሁ የሰፈራችን ልጆች በሰሊጥ አረም ካገኙት ገንዘብ አዋጥተው የኳስ ማሊያ አሳተሙ። «መተማ» የሚለው ስም ደረቱ ላይ ወፍራምና ያዘነበለ ሆኖ እንዲጻፍ ፈለጉ፤ የታላላቅ ቡድኖችን ማሊያ አይተዋልና። ማሊያው ሲመጣ ግን ከሜዳው ዳር ሆኖ ስሙን ማንበብ የቻለ አልነበረም። አንዲት እናት «ልጆቼ፥ ቅል ነው የሣላችሁት?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ሣቅን። ከተጫዋቾቹ አንዱ ግን «ሁለተኛ በላቲን እናስጽፋለን» አለ፤ ያን ጊዜ ሣቄ ቆመ።

ለመሆኑ ጥፋቱ የፊደላችን ነውን? ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ማዘንበል የእኛ ጽሕፈት ልማድ አልነበረም። የብራና መጻሕፍታችን የተጻፉበት እጅ ስሙ ራሱ «ቁም ጽሕፈት» ነው። ጸሐፊው አንድን ስም ለማክበር ሲፈልግ በቀይ ቀለም ይጽፈዋል እንጂ አያዘነብለውም። ያዘነበለውን የኅትመት ፊደል የቀረጸው ፍራንቼስኮ ግሪፎ ነው፤ አሳታሚው አልዶ ማኑዚዮም በ1501 በቬኒስ የቨርጂልን ግጥም አተመበት። ዮሐንስ ፖትከን በ1513 በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ሲያሳትም ግን ፊደላችን ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ነበር። ጫፉ ላይ ጥፍር የሌለው የላቲን ፊደል ደግሞ በ1816 በለንደን ወጣ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የስፖርት ፊደል የሚባለው እነዚህ ሁለቱ ተጋብተው፥ ወፍረው የተገኙ ናቸው። የሚሮጥ ሰው ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ፊደሉም ፍጥነትን ያሳስባል።

«ወደ ፊት» ማለት ግን በየጽሕፈቱ ይለያያል። ከመተማ ማዶ ገላባት ላይ የሚጻፈው ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ ስለዚህ ወደ ቀኝ ብናዘነብለው ወደ ኋላ የሚጎተት ይመስላል። የእኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ወደ ቀኝ ማዘንበሉ ይስማማዋል።

ታዲያ ማሊያው ለምን ተበላሸ? ማተሚያ ቤቱ የቆመውን ፊደል በኮምፒዩተር አወፍሮና ገፍቶ ስላዘነበለው ነው። «መ» ሁለት ዐይን አለው፤ «ማ»ም እንዲሁ። ፊደሉ ሲወፍር አራቱም ዐይኖች ተደፈኑ። በዚሁ መንገድ የ«ቤ» ቀለበት ቢደፈን «ቢ» ተብሎ ይነበባል። «ለ»ን ብንወስድ ሁለቱ እግሮቹ ቀድሞውንም ያዘነበሉ ናቸው፤ ስንገፋው ቀኙ ቀጥ ይላል፥ ግራው ይተኛል፥ ፊደሉም የሚወድቅ ይመስላል።

እንግዲህ ያዘነበለ ፊደል እንደ አዲስ ይሣላል እንጂ አይገፋም። ሠሪው ሦስት ነገር ይጠብቅ። አንደኛ፥ ቁመቱ 10 ቢሆን ራሱ ወደ ቀኝ ከ2 አይለፍ፤ ይህም 11 ዲግሪ ያህል ነው። ሁለተኛ፥ ፊደሉ ሲወፍር ቀለበቱ ወደ ውጭ ይስፋ፥ አግዳሚው መሥመርም ከእግሩ ይቅጠን። ሦስተኛ፥ የእግሮች ማጠርና መርዘም ጎልቶ ይታይ፤ «ባ»ን ከ«ቦ» የሚለየው እርሱ ነውና።

ጓደኞቼ፥ 231 ፊደል እንዲህ አድርጎ መሣል አድካሚ ሥራ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ለማሊያው አምስት ስድስት ፊደል ቢሣል እንኳ ለመጀመሪያ ይበቃል። እኔ «መ»፥ «ተ»ና «ማ»ን በካሬ ወረቀት ላይ ጀምሬአለሁ። ልጆቹ ላቲን ሳይበደሩ በገዛ ስማቸው እንዲሮጡ እርሳስ ያለው ይርዳኝ።