የፊት ጡንቻዎችና የፊት መጣመም

መስታወት ያላችሁ መስታወት ያዙ፤ የሌላችሁ ከጎረቤታችሁ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቅንድባችሁን ወደ ላይ ስታነሡ ግንባራችሁ ይሸበሸባል፤ ይህ የግንባር ጡንቻ ሥራ ነው። ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ የጨፈነው ዓይንን እንደ ቀለበት የከበበው ጡንቻ ነው። አሁን ደግሞ ፈገግ በሉ። ከጉንጭ አጥንት ተነሥቶ ወደ ከንፈር ጥግ የሚወርደው ጡንቻ አፋችሁን ሽቅብ ይስበዋል።

የእጅና የእግር ጡንቻ በአብዛኛው ከአጥንት እስከ አጥንት የተዘረጋ ነው። የፊት ጡንቻዎች ግን አብዛኞቹ አንድ ጫፋቸው ከቆዳ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥቂት ሲኮማተሩ ቆዳውን ይዘውት ይሄዳሉ። ደስታም ኀዘንም ፊት ላይ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው። ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የሰዎችን ፊት በኤሌክትሪክ እየነካካ ካጠና በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከልብ የመነጨ ፈገግታ ከአፍ ሌላ የዓይን ዙሪያን ጡንቻም እንደሚያንቀሳቅስ ገልጿል። እኛ «ከአንገት በላይ» የምንለውን ሳቅ ዓይን ያጋልጠዋል ማለት ነው።

እነዚህን ጡንቻዎች የሚያዝዘው ሰባተኛው የራስ ነርቭ ነው። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሆኖ ከጆሮ ሥር ይወጣና በጉንጭ ላይ ይበተናል። (ማኘክ የሌላ ነርቭ ሥራ ነው።) ይህ ነርቭ ሲያብጥ የፊት ግማሽ በድንገት ይዝላል፤ አፍ ወደ ደህናው ጎን ይሳባል፤ ዓይን አልከደን ይላል። ሰው «ነፋስ መታው» ይላል። አብዛኛው ሕመምተኛ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናል። ሆኖም የሚረዳው ኪኒን በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ ስለሚጠቅም፣ በመታሸትና በቅጠል ቀኑን አታባክኑ። ያልተከደነ ዓይን ደርቆ ሊቆስል ይችላል። ከክሊኒክ የዓይን ጠብታ ጠይቁ፤ ሌሊት ዓይኑ እንዴት እንደሚሸፈንም አሳዩን በሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። አፍ ተጣምሞ ግንባሩ በሁለቱም በኩል የሚሸበሸብ ከሆነ፣ ወይም ክንድ ከዛለ፣ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ፣ ችግሩ ከአንጎል ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ 3 ቀን ቀርቶ 1 ሰዓትም አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ሕመምተኛውን ተሸክማችሁ ወደ ክሊኒክ አድርሱት። ግንባሩን ማየት ለጥርጣሬ ይረዳችኋል እንጂ መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ ጤና ሠራተኛው መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ ነገሮች አንዱ እሱ ነው።