ሸክላ ያቆየው እንጉርጉሮ

ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን እንጉርጉሮ ነው። ዓይነ ስውሩ ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን በቴክሳስ ጎዳናዎች ላይ ጊታር እየመታ ይዘምር ነበር። በ1927 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አንድ ዜማው በዳላስ ከተማ በሸክላ ተቀረጸ። ዜማው ቃል የለውም፤ በጊታር የታጀበ ማንጎራጎር ብቻ ነው።

በክላሲካል ሙዚቃ የታወቀው ጀርመናዊው ቤትሆቨንም በ1825 ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች 13ኛውን ድርሰቱን ሲጽፍ ጆሮው አይሰማም ነበር።

በ1977 አሜሪካ ቮዬጀር የተባሉትን ሁለት መንኮራኩሮች ወደ ጠፈር ስትልክ በእያንዳንዳቸው ላይ 27 ሙዚቃዎች ያሉበት፣ በወርቅ የተለበጠ ሸክላ አኖረች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የጆንሰን ዜማና የዚያ የቤትሆቨን ድርሰት አንድ ክፍል ናቸው።

ጆንሰን በ1945 ሞተ። ባይቀረጽ ኖሮ እንጉርጉሮው አብሮት በተቀበረ ነበር።

የቤት ሥራ፦ እናታችሁ ወይም አያታችሁ የሚያንጎራጉሩትን አንድ ዜማ አጥኑ፤ ከማን እንደተማሩትም ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።