ያለፈው ዘመን ጨዋታ በምናባዊ ኮምፒውተር ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበውን «ዊንግ ኮማንደር» የተባለ የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ዛሬ በእጃችን በሚገኝ ኮምፒውተር ላይ ለመጫወት ብንነሣ ከሁለት ችግሮች አንዱ ይገጥመናል። ወይ ጨዋታው ጨርሶ አይነሣም፤ ወይም በሆነ ዘዴ ተነሥቶ የጠላት መርከቦች ዓይን ሊከተላቸው በማይችል ፍጥነት ስክሪኑን አቋርጠው ይጠፋሉ። የመጀመሪያው ችግር በቀላሉ የሚገባን ነው። ጨዋታው የተጻፈው ለዶስ ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው ባለ 64 ቢት የዊንዶውስ እትሞች ለዶስ የተጻፉ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞችን አይቀበሉም። ሁለተኛው ግን እንቆቅልሽ ይመስላል። ኮምፒውተር ሲፈጥን ሥራው ይቃናል እንጂ እንዴት ይበላሻል?

ለመጀመሪያው ችግር ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው መድኃኒት ቨርቹዋል ማሽን ነው። በዚህ ጽሑፍ ምናባዊ ኮምፒውተር እያልን የምንጠራው ይህ ሶፍትዌር በአንድ እውነተኛ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ ያስመስላል፤ ምናባዊው ኮምፒውተር የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ ሃርድ ዲስክ፣ የራሱ ስክሪንና የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይኖረዋል። «ቨርቹዋልቦክስ» እና «ቪኤምዌር ወርክስቴሽን» ከታወቁት መካከል ናቸው። በእርግጥም በምናባዊ ኮምፒውተር ውስጥ ዶስን ብንጭን ጨዋታው ይነሣል። ሁለተኛው ችግር ግን ከእኛ ጋር ይቆያል፤ አንዳንዴም ይብስበታል። ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ምናባዊ ኮምፒውተር ምን ቃል እንደሚገባልንና ምን ቃል እንደማይገባልን መመልከት ይኖርብናል።

በ1974 የተሰጠው ትርጓሜ

እ.ኤ.አ. በ1974 ጄራልድ ፖፔክ እና ሮበርት ጎልድበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ምናባዊ ኮምፒውተርን የሚመለከት እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ የሚያገለግል ጥናት አወጡ። በእነርሱ አባባል፣ ምናባዊውን ኮምፒውተር የሚያስተዳድረው ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ሦስት ግዴታዎችን ማሟላት አለበት። በውስጡ የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም በእውነተኛው ማሽን ላይ ቢሠራ የሚያሳየውን ጠባይ እንዲያሳይ ማድረግ፤ የማሽኑን ንብረት ሁሉ በቁጥጥሩ ሥር ማዋል፤ ከፕሮግራሙ ትዕዛዞች እጅግ የሚበዙትን ደግሞ ጣልቃ ሳይገባ በቀጥታ በእውነተኛው ፕሮሰሰር እንዲፈጸሙ መልቀቅ። ፍጥነቱ የሚገኘው ከዚህ ከመጨረሻው ነው።

ከመጀመሪያው ግዴታ ጋር ግን አንድ ትንሽ የምትመስል ልዩ ሁኔታ ተያይዛለች። በጊዜ አጠባበቅ ምክንያት የሚመጣ የጠባይ ልዩነት እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ሁለቱ ተመራማሪዎች ይህን ማለታቸው ተገቢ ነበር፤ የደመወዝ ሒሳብ የሚሠራ ፕሮግራም ውጤቱን በሁለት ሰከንድ ወይም በሦስት ሰከንድ ቢያወጣ ድምሩ ያው ነውና። ለጨዋታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጨዋታ ውስጥ «መቼ» የሚለው ጥያቄ ራሱ የውጤቱ አካል ነው።

ወደዚያ ከመሻገራችን በፊት ስለ ፒሲ ፕሮሰሰሮች አንድ ነገር እናንሣ። ትርጓሜው በተግባር እንዲሠራ፣ ማሽኑን የሚነካ አደገኛ ትዕዛዝ ሁሉ በተራ ፕሮግራም ሲሰጥ ፕሮሰሰሩ ቆም ብሎ ለተቆጣጣሪው ማስታወቅ አለበት። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህን አያደርጉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት በፔንቲየም ላይ ይህን ደንብ የሚጥሱ 17 ትዕዛዞችን ቆጥሯል። ከእነርሱ አንዱ «ፖፕኤፍ» የተባለው ሲሆን፣ ሥልጣን የሌለው ፕሮግራም በዚህ ትዕዛዝ የኢንተራፕት መቀበያውን ልዝጋ ቢል ፕሮሰሰሩ አይከለክለውም፤ አያስታውቅምም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ፕሮግራሙ የዘጋው ይመስለዋል፤ ተቆጣጣሪው ግን መጠየቁንም አያውቅም። «ቪኤምዌር» እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ሶፍትዌር ይህን የተሻገረው እንዲህ ያሉ ትዕዛዞችን ከመፈጸማቸው በፊት እየለቀመና በሌሎች እየተካ ነበር። ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ ደግሞ በ2006 ለዚሁ ሥራ የሚረዳ መሣሪያ በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ጨመሩ። ይሁንና የኢንቴሉ እስከ 2010 ድረስ ዶስ የሚነሣበትን «ሪል ሞድ» የተባለውን ጥንታዊ አሠራር በቀጥታ ማስኬድ አይችልም ነበር። የመሣሪያው ነዳፊዎች ያሰቡት ለሰርቨር እንጂ ለዶስ ጨዋታ እንዳልነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ጨዋታው ሰዓቱን ከየት ያነባል?

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር በ4.77 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ነበር። ማሽኑ አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ ጨዋታ የሚጽፍ ሰው የአንድን ሰከንድ አሥረኛ መጠበቅ ሲፈልግ ፕሮሰሰሩ ከአንድ እስከ ተወሰነ ቁጥር በባዶው እንዲቆጥር ያዝዝ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ፕሮሰሰሮች ሲፈጥኑ ቆጠራው ቶሎ አለቀ፤ ጨዋታውም አበደ። በዚያ ዘመን በብዙ ኮምፒውተሮች ፊት ላይ «ቱርቦ» የሚል ቁልፍ ይገኝ የነበረው ለዚሁ ነው። ስሙ ማፍጠኛ ቢመስልም ዋና ጥቅሙ ኮምፒውተሩን ማዘግየት ነበር።

ከዚህ የተሻለው መንገድ ማሽኑ ውስጥ ያለውን የሰዓት ቺፕ ማንበብ ነው። ይህ ቺፕ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ ይመታል፤ በተለመደው አሠራር ይህ በ65,536 ተካፍሎ በሰከንድ 18.2 ጊዜ ገደማ የኢንተራፕት ምልክት ለፕሮሰሰሩ ይደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 የወጣው «ዱም» የጨዋታውን ዓለም በሰዓት እየተመራ በሰከንድ 35 ጊዜ ያራምድ ስለነበር ፕሮሰሰሩ ቢፈጥን ምስሉ ይጠራል እንጂ ጭራቆቹ አይሮጡም። ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው።

ግማሽ ጥንቃቄ ደግሞ የራሱን ጣጣ ያመጣል። የቦርላንድ ኩባንያ ቱርቦ ፓስካል የፕሮግራም መጻፊያ፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ የኮምፒውተሩን ፍጥነት የሚለካበት ብልሃት ነበረው። በሁለት የሰዓት ምልክቶች መካከል፣ ማለትም በ55 ሚሊሰከንድ ውስጥ፣ ባዶ ቆጠራው ስንት ጊዜ እንደዞረ ያይና ለ55 ያካፍለዋል፤ ውጤቱ በ16 ቢት የሚቀመጥ ስለሆነ ከ65,535 መብለጥ አይችልም። ቆጠራው 65,536 ሲባዛ በ55፣ ይኸውም 3,604,480 ሲደርስ ውጤቱ ከቦታው ይተርፋል፤ ፕሮሰሰሩም በዜሮ እንደማካፈል ቆጥሮት ስሕተት ቁጥር 200 በሚል መልእክት ፕሮግራሙን ያቆመዋል። ከ200 ሜጋኸርትዝ ገደማ በላይ የሆኑ ፕሮሰሰሮች ሲመጡ በዚህ መሣሪያ የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች ገና ሲነሡ ይወድቁ ጀመር። ዊንዶውስ 95 ራሱም ከ2.1 ጊጋኸርትዝ በሚፈጥን ፕሮሰሰር ላይ በተመሳሳይ የመካፈል ስሕተት ሲነሣ ይቆም እንደነበር ማይክሮሶፍት አስታውቆ ነበር።

እንግዲህ ሦስተኛውን ግዴታ እናስታውስ። ምናባዊ ኮምፒውተር ትዕዛዞችን በቀጥታ በእውነተኛው ፕሮሰሰር ያስፈጽማል። ስለዚህ በውስጡ ያለው ዶስ አሮጌ ቢሆንም፣ የሚቆጥርለት ፕሮሰሰር የዛሬው ነው፤ ስሕተት ቁጥር 200ም እዚያው ይጠብቀናል።

ብዙ ሰው የሚደነቀው ግን ችግሩ በተቃራኒውም መሆኑ ነው፤ አንድ ጨዋታ በአንድ ጊዜ እጅግ ፈጣንም እጅግ ዘገምተኛም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን «አድሊብ» የሙዚቃ ካርድ እንውሰድ። ጨዋታው አንድ ቅንጣት የድምፅ መመሪያ ለካርዱ ሲሰጥ መጀመሪያ አድራሻ ይጽፋል፤ 3.3 ማይክሮሰከንድ ይጠብቃል፤ ቀጥሎ ዋጋውን ይጽፋል፤ 23 ማይክሮሰከንድ ይጠብቃል። ፕሮግራመሮች ይህን የሚጠብቁት የካርዱን ፖርት መጀመሪያ 6 ጊዜ፣ በኋላ 35 ጊዜ በማንበብ ነበር። የሚነበበው ነገር አይፈለግም፤ የሚፈለገው ማንበቡ የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱን መጻፎች ስንደምር ለአንድ መመሪያ 43 የፖርት ንክኪ ይሆናል። በምናባዊ ኮምፒውተር ውስጥ ግን ፖርት መንካት ማሽኑን መንካት ስለሆነ እያንዳንዱ ንክኪ ፕሮሰሰሩን አስቁሞ ወደ ተቆጣጣሪው ይወስደዋል፤ ተቆጣጣሪውም መልስ አዘጋጅቶ ይመልሰዋል። ስለዚህ በባዶ የሚቆጥረው የጨዋታው ክፍል እንደ ጥይት ሲበር ሙዚቃው በየፌርማታው እንደሚቆም አውቶቡስ ይንገዳገዳል።

በዚህ ላይ እውነተኛው ኮምፒውተር ሌላም ሥራ አለው። ፕሮሰሰሩ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲዞር ምናባዊው ኮምፒውተር ይቆማል፤ በዚያን ጊዜ ሊደርሱት የሚገቡ የሰዓት ምልክቶችም ይጠራቀማሉ። ተቆጣጣሪው የተጠራቀሙትን በአንድ ጊዜ ቢያፈስሳቸው ሙዚቃው ለቅጽበት ይጋልባል፤ ቢጥላቸው ደግሞ የውስጡ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለቱንም የሚያስደስት መፍትሔ የለም።

ታዲያ በምን እንጫወተው?

ለዶስ ጨዋታ ከምናባዊ ኮምፒውተር ይልቅ ኢሙሌተር እንመርጣለን። ኢሙሌተር ትዕዛዝን ለእውነተኛው ፕሮሰሰር አሳልፎ አይሰጥም፤ እያንዳንዱን ራሱ አንብቦ ራሱ ይፈጽማል። ይህ እጅግ አድካሚ ቢሆንም ጊዜን የመወሰን ሥልጣን ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 መሠራጨት የጀመረው «ዶስቦክስ» በተለመደው አቀማመጡ አሮጌውን የሪል ሞድ ጨዋታ በሚሊሰከንድ 3,000 ትዕዛዝ ብቻ እንዲፈጽም ያደርጋል። ኮንትሮልን ከኤፍ 11 ጋር ስንጫን ይቀንሳል፤ ከኤፍ 12 ጋር ስንጫን ይጨምራል፤ «ዊንግ ኮማንደር»ም መርከቦቹ በዓይን በሚታዩበት ፍጥነት ይበራል። የቱርቦ ቁልፍ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

ለዊንዶውስ 95 እና 98 የተሠሩ ጨዋታዎች ከሁሉም ያስቸግራሉ። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የተስፋፉትን እንደ «ቩዱ» ያሉ ባለ ሦስት አውታር ምስል ካርዶች ይጠይቃሉ፤ ቨርቹዋልቦክስ ደግሞ ለእነዚህ እትሞች የሚሆን አጋዥ ሶፍትዌር የለውም። «86ቦክስ» የተባለው ኢሙሌተር ከፕሮሰሰሩ እስከ ቩዱ ካርዱ መላውን የዘመኑን ኮምፒውተር ያስመስላል፤ ዋጋው ግን ኃይለኛ ኮምፒውተር መጠየቁ ነው። ለዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን፣ በተለይ እንደ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» (1999) ላሉ በዝርግ ምስል ለሚሠሩ ጨዋታዎች፣ ምናባዊ ኮምፒውተር ጥሩ ማረፊያ ነው። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 8 ቀን 2014 ወዲህ የደኅንነት ማሻሻያ ስለማይቀርብለት ምናባዊውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ ጨዋታው አያጣውም። ጨዋታውንም ቢሆን ከገዛነው ዲስክ ወይም ባለቤቶቹ በነጻ ከለቀቁት ብንወስድ ይመረጣል፤ የ«ዱም» የመጀመሪያ ክፍል ከጅምሩ በነጻ እንዲባዛ የተፈቀደ ነበር፤ «ኤልደር ስክሮልስ፦ አሬና»ም ከ2004 ጀምሮ በነጻ ይገኛል።

በጨዋታ ላይ ደካማ የሆነው መሣሪያ ጊዜ ለማይገደው ሥራ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ በአገራችን አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በተግባርም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፎች የሚጻፉት እንደ «አጋፋሪ» ባሉ እያንዳንዳቸው ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር በሰጡ ሶፍትዌሮች ነበር። በእነርሱ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም መዝገብ በዛሬ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ዊንዶውስ 98 ወይም ኤክስፒ፣ ፊደሉና የጽሑፍ ሶፍትዌሩ በምናባዊ ኮምፒውተር ውስጥ አብረው ሲጫኑ ግን ጽሑፉ እንደ ተጻፈበት ቀን ይነበባል፤ ይታተማል። ገጹ በግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ወይም ቢፈጥን ከፊደሎቹ አንዱም ቦታውን አይለቅም።