ፊደልን በጭቃ ስለ መሥራት

አንድ ሕፃን ፊደልን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በቃሉ ያነበንብ ነበር። የኔታ ግን ስንደዶውን በ«ቤ» ላይ ብቻ ቢያሳርፉ ዝም አለ፤ ዜማውን እንጂ መልኩን አላወቀምና። ስለዚህም አፍሮ በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ቀረ።

የኔታ አስጠሩትና የሸክላ ጭቃ ሰጡት። ለታናሽ እጅ ከብራና ጭቃ ይሻላል፤ ቢሳሳት ይፈርሳልና። ሕፃኑም ሁለት እግር ያለውን «በ»ን ሠራ። በቀኝ ጎኑ ወገብ ላይ ቁራጭ ጭቃ ቢቀጥልበት «ቡ» ሆነ፤ ቁራጩን ወደ እግሩ ጫፍ ቢያወርደው «ቢ»፤ ቁራጩን አንሥቶ ግራ እግሩን ቢያሳጥር «ባ»። ሁለቱን እግሮች አስተካክሎ በቀኙ ጫፍ ቀለበት ቢያበጅለት፥ ያ ያሳፈረው «ቤ» ወጣ። ሕፃኑም ሳቀ።

«ሰ»ንና «ከ»ንም እንዲሁ ሠራ። በ«ረ» ቤት ግን ይህ ሥርዓት ስለማይጸና የኔታ ለነገ አቆዩለት።